የነገው እንስሳ ከየት ይመጣል?

ዱጋል ዲክሰን የተባለ ስኮትላንዳዊ ጸሐፊ በ1981 «ከሰው በኋላ» የሚል ርእስ ያለው መጽሐፍ አሳትሞ ነበር (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው)። መጽሐፉ የሰው ልጅ ከጠፋ ከ50 ሚሊዮን ዓመታት በኋላ ምድርን ሊሞሏት የሚችሉ እንስሳትን በሥዕልና በጽሑፍ ያቀርባል። የጥንቸል ዘሮች እግራቸው ረዝሞ፣ ገላቸው ገዝፎ የአጋዘንን ቦታ ይዘዋል፤ የአይጥ ዘሮች ደግሞ እንደ ተኩላ በመንጋ ሆነው ያድናሉ። ፍጥረታቱ የምናብ ውጤቶች ይሁኑ እንጂ ደራሲው ከዝግመተ ለውጥና ከሥነ ምኅዳር ሕግጋት ላለመውጣት ተጠንቅቋል፤ እያንዳንዱ እንስሳ ዛሬ የምናውቀው ቅድመ አያት፣ እያንዳንዱም አካል የሚያገለግልበት ሥፍራ አለው። መራጯ ተፈጥሮ ናት፤ የጊዜ እጥረትም የለባትም።

ዛሬ ተመሳሳይ መጽሐፍ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው ግን ሰውን ከታሪኩ ሊያስወጣው አይችልም። የአንድን እንስሳ ዘረመል በተፈለገው ሥፍራ ቆርጦ መለወጥ የሚያስችል መሣሪያ ከ2012 ወዲህ በተመራማሪዎች እጅ ይገኛል፤ የትኛው የዘረመል ፊደል ቢለወጥ ምን ሊከተል እንደሚችል የሚገምት ሰው ሠራሽ አስተውሎትም ከጎኑ ተሰልፏል። ስለዚህ የነገው እንስሳ ምን እንደሚመስል ስንጠይቅ፣ አሁን በትምህርት ገበታ ላይ የሚገኘው አንባቢያችን በዕድሜው ሊያየው ስለሚችለው ነገር መጠየቃችን ነው።

ክንፋሙ ፈረስ ለምን አይመጣም?

ስለ ነገው እንስሳ ሲነሣ የብዙዎቻችን ሐሳብ ቀድሞ የሚሮጠው ወደ ክንፋም ፈረስ፣ ወይም ሣር ሳይግጥ በፀሐይ ብርሃን ብቻ ወደሚኖር በሬ ነው። እኛም ይህን ጽሑፍ ስናሰናዳ በሻይ ሰዓት ከዚህ የባሰ ብዙ አውርተናል። ይሁን እንጂ ቆርጠን ፈረስ ላይ የምንቀጥለው «የክንፍ ዘረመል» የሚባል ነገር የለም። የወፍ ክንፍ በረጅም ዘመን የተለወጠ የፊት እግር ነው። ለፈረስ ክንፍ ለመስጠት ከአራቱ እግሮቹ ሁለቱን መንጠቅ፣ አለዚያም በጽንሱ ላይ ሌላ ጥንድ እግር ማብቀል ሊኖርብን ነው፤ ከዚያም አጥንቱን ማቅለል፣ ደረቱን፣ ሳንባውንና ልቡን እንደገና መሥራት ይከተላል።

ይህን ጉዳይ ጥሩ አድርጎ የሚያስረዳ አንድ ሙከራ አለ። በ1995 በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ የዋልተር ጌሪንግ የምርምር ቡድን በፍሬ ዝንብ ውስጥ የዐይንን አፈጣጠር የሚያዘውን ዋና ዘረመል፣ ያለ ቦታው በእግርና በክንፍ ላይ እንዲሠራ አደረገው። ዝንቦቹም በእግራቸውና በክንፋቸው ላይ ዐይን አበቀሉ። ይበልጥ የሚያስደንቀው የሚከተለው ነው፤ በዝንቧ ዘረመል ፈንታ ተመሳሳዩን የአይጥ ዘረመል ሲያስገቡም ዐይን በቀለ። የበቀለው ዐይን ግን የአይጥ ዐይን አልነበረም፤ የለመድነው የዝንብ ዐይን ነበር እንጂ። ዘረመሉ «እዚህ ላይ ዐይን ይሠራ» ብሎ አዘዘ፤ ዐይኑ እንዴት ያለ እንደሚሆን የወሰነው ግን ትእዛዙን የተቀበለው አካል ነው። አካል ትእዛዝን በራሱ ወግ ይፈጽማል ማለት እንችላለን።

እስከ ዛሬ የተሠሩት እንስሳት ከውጭ ሲታዩ እምብዛም የማያስደንቁትም ለዚህ ነው። በ1982 የዕድገት ሆርሞን ዘረመል የተጨመረላቸው አይጦች ከእኩዮቻቸው እጥፍ ገደማ ገዘፉ። በ2009 የደም መርጋትን የሚከላከል መድኃኒት በወተቷ የምትሰጥ ፍየል በአሜሪካ ፈቃድ አገኘች፤ በ2015 ፈጥኖ የሚያድግ የሳልሞን ዓሣ፣ በ2025 ደግሞ አደገኛ የመተንፈሻና የመራባት በሽታ የማይይዘው ዐሣማ ተፈቀደ። ፍየሏን ከመንጋው መካከል ለዩ ብንባል አንችልም።

በሚያዝያ 2025 አንድ የአሜሪካ ኩባንያ ከ10,000 ዓመታት በላይ ከምድር ጠፍቶ የቆየውን «ዳየር ዎልፍ» የተባለ ትልቅ ተኩላ መለስኩ ብሎ ባወጀ ጊዜ ዓለም በዜናው ተናውጦ ነበር። የተደረገው ነገር ሲመረመር፣ በዛሬው ግራጫ ተኩላ 14 ዘረመሎች ላይ 20 ለውጦች መደረጋቸው ነበር። የተኩላ ዘረመል ከሁለት ቢሊዮን በላይ ፊደላት አሉት። በርካታ ሳይንቲስቶች እንስሳቱን የተለወጡ ግራጫ ተኩላዎች እንጂ የጠፋው ዝርያ አይደሉም ብለዋል፤ እኛም የምንስማማው በዚህ ነው። እዚህ ላይ ቋንቋችን ራሱ እንደሚያሳስተን ማስታወስ ይገባል። በአማርኛ ተኩላና ቀበሮን የሚለየውንም፣ ቦረንና ሆርሮ የተባሉትን ከብቶች የሚለየውንም «ዝርያ» እንላለን። ሥነ ሕይወት ግን በሁለቱ መካከል ሰፊ ልዩነት አለ ይላል፤ ቦረንና ሆርሮ ያለ ችግር ይዋለዳሉ። እስካሁን ከቤተ ሙከራ የወጣው ሁሉ በሁለተኛው ትርጉም «ዝርያ» ቢባል እንኳ በመጀመሪያው ትርጉም አዲስ የሆነ እንስሳ ገና አልተወለደም።

ዳዊት ደጋሚው ማሽን

ታዲያ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ምን ጨመረ? በአብነት ትምህርት ቤት ግእዝ ሳያውቅ ዳዊት የሚደግም ልጅ አለ። ትርጉሙን ቢጠይቁት አይመልስም፤ ጓደኛው አንዲት ፊደል ቢስት ግን ጆሮው ወዲያው ይነግረዋል። የዘረመልን ጽሑፍ የሚያጠኑት አዳዲስ ፕሮግራሞች ከዚህ ልጅ ጋር ይመሳሰላሉ። በ2025 ይፋ የሆነው «ኢቮ 2» ከባክቴሪያ እስከ ሰው ከተሰበሰቡ ከ9 ትሪሊዮን በላይ ፊደላት የተማረ ሲሆን፣ የትኛው የፊደል ለውጥ «ጆሮ እንደማይገባው» ይለያል፤ ያልነበረ ጽሑፍም በተመሳሳይ ዜማ ያዜማል።

ማዜሙ ከንቱ እንዳልሆነ በዚያው ዓመት ታይቷል። ተመራማሪዎች በእነዚህ ፕሮግራሞች አማካይነት ባክቴሪያን የሚያጠቃ ትንሽ ቫይረስ ሙሉ ዘረመል እንዲነደፍ አደረጉ። ወደ 300 የሚጠጉ ንድፎች በተግባር ተሞከሩ፤ 16ቱ ሕይወት ዘርተው ባክቴሪያ ገደሉ። መነሻ የሆነው ቫይረስ ዘረመል 5,386 ፊደላት ብቻ አሉት። የላም ዘረመል 2.7 ቢሊዮን ገደማ ፊደላት ስላሉት ግማሽ ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይበልጣል። ከርዝመቱ ይልቅ የሚከብደው ግን ፈተናው ነው። የቫይረስ ንድፍ ቢበላሽ በማግስቱ ከሳሕኑ ላይ ይታወቃል። የላም ንድፍ ቢበላሽ ከዘጠኝ ወር እርግዝና በኋላ የሚወለደው ሕመም ያለበት ጥጃ ነው። 300 ንድፍ ሞክሮ 284ቱን መጣል በባክቴሪያ ሳሕን ላይ ጥሩ ውጤት ነው፤ በበረት ውስጥ ግን ማንም ሊፈቅደው የማይገባ ጭካኔ ነው።

በገንዲ ሸለቆ የምትቆም ላም

አሁን ከአንባቢያችን ጋር አንድ እንስሳ በሐሳብ እንሥራ። በአገራችን በአባይና ዲዴሳ፣ በጊቤና ኦሞ፣ በባሮና አኮቦ ሸለቆዎች የገንዲ ዝንብ ወይም ፄፄ አለች። ዝንቧ በንክሻዋ የምታስተላልፈው ትሪፓኖሶማ የተባለ ጥገኛ ተሕዋሲ በደም ውስጥ እየተራባ ከብቱን ያመነምነዋል። በሬው የሞተበት ገበሬ ከነለም መሬቱ ችግረኛ ይሆናል። ስለዚህ ገንዲ የማይዛትን ላም እንሥራ።

የሚያስፈልገን ዘረመል ከሩቅ የሚመጣ አይደለም። በአዋሽ ሸለቆ ቋጥኞች ላይ መንጋ ሠርቶ የሚታየው ሐማድርያስ ዝንጀሮ ገንዲ አይነካውም። በደሙ ውስጥ «አፖ ኤል 1» የተባለ ፕሮቲን ስብ ተሸካሚ ከሆኑ ቅንጣቶች ጋር ተያይዞ ይዘዋወራል፤ ጥገኛው ተሕዋሲ ምግብ መስሎት ይውጠዋል፤ ፕሮቲኑም ከውስጥ ሽፋኑን ይበሳዋል። በ2009 በወጣ ጥናት ይህን የዝንጀሮ ዘረመል የተቀበሉ አይጦች ተሕዋሲውን ከደማቸው አጥፍተውታል። መቀመጫውን ናይሮቢ ያደረገው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ተቋምም ይህንኑ ዘረመል የያዘ ከብት ለማግኘት ሲጥር የቆየ ሲሆን፣ ለዚሁ መንገድ ጠራጊ እንዲሆን «ቱማይኒ» (በስዋሂሊ ተስፋ ማለት ነው) የተባለ የቦረን ወይፈን ከአካል ህዋስ አስወልዷል።

ሥራው እንዲህ ይሄዳል። ዘረመሉን ጉበት ውስጥ ብቻ እንዲሠራ ከሚያደርግ ማብሪያ ማጥፊያ ጋር እናጣምረዋለን፤ ሌላ ዘረመል በማይሰብርበት ሥፍራ በቦረን ህዋስ ውስጥ እንተክለዋለን፤ የህዋሱን አስኳል ወደ እንቁላል አዛውረን በእናት ላም ማሕፀን እናስቀምጣለን። ቦታ በመምረጥና የፕሮቲኑን ቅርጽ በመተንበይ ረገድ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ብዙ ድካም ይቀንስልናል፤ አልፋፎልድ የተባለው ፕሮግራም እስከ 2022 ድረስ ከ200 ሚሊዮን በላይ የፕሮቲኖችን ቅርጽ መተንበዩን ልብ ይሏል። ወይፈኑ አድጎ፣ ላሞች አስረግዞ፣ ልጆቹ ዘረመሉን ወርሰው እንደሆነ እስክናይ ድረስ ግን ዓመታት ያልፋሉ። ላሟን ማንም ፕሮግራም ቶሎ አያሳድጋትም።

ከዚህ በኋላ ያለው ነው የሚያሳስበን። በሰውም ውስጥ አፖ ኤል 1 አለ። በምዕራብ አፍሪካ ትውልድ ባላቸው ሰዎች ላይ በብዛት የሚገኙ ሁለት የዚህ ዘረመል ልዩ ቅጂዎች ከእንቅልፍ በሽታ እንዲከላከሉ ያግዛሉ፤ ከአባትም ከእናትም የወረሳቸው ሰው ግን ለኩላሊት በሽታ ይበልጥ ይጋለጣል። ላማችን ምን ትከፍል ይሆን? በሌላ በኩል ጥገኛው ተሕዋሲ ዝም ብሎ አይገደልም። በምሥራቅ አፍሪካ ሰውን የሚያጠቃው የትሪፓኖሶማ ዓይነት የሰውን አፖ ኤል 1 የሚያከሽፍ ፕሮቲን አለው። የዝንጀሮው ቅጂ ይህን ማክሸፊያ ያልፈዋል፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ላሞች ቢሸከሙት ግን ሌላ ማክሸፊያ ያበጀ ተሕዋሲ የሚያገኘው ጥቅም ምን ያህል ትልቅ እንደሚሆን ማሰብ አያዳግትም።

ሦስተኛው ጉዳይ ሸለቆው ነው። ፄፄ የገበሬው ጠላት ናት፤ ይሁንና ከብት እንዳይገባ በመከልከሏ ብቻ ለብዙ ዘመን የዱር ዘበኛ ሆና ኖራለች። ከብት የገባበት ሸለቆ ማረሻ ይገባበታል፤ ማረሻ የገባበት ደን ይመነጠራል፤ ጎሹና ሌላው የዱር አውሬ ወደ ጥግ ይገፋል። ገበሬው በድህነት ይኑር እያልን አይደለም፤ ከእኛ መካከልም ገንዲ በበሬ ላይ የሚያደርሰውን ያየ አለ። የምንለው አንድ ዘረመል የተጨመረላት ላም፣ በዐይን ከእናቷ የማትለይ ሆና ሳለ፣ አንድ ሙሉ ሸለቆ ልትለውጥ ትችላለች ነው። አውሬ ከመሰለው ተኩላ ይልቅ ይህቺን ላም «የነገው እንስሳ» ልንላት የምንደፍረው ለዚህ ነው። እስካሁን የተሰበሰቡት ትሪሊዮን ፊደላት ደግሞ ስለ ላሟ ይናገራሉ እንጂ ሸለቆውን አልጻፉትም።

ላም ቢያንስ በገመድ ትታሰራለች። የሚበር እንስሳ ሲሆን ጉዳዩ ይለያል። ከእስያ የመጣችው «አኖፌሊስ ስቴፈንሲ» የተባለች የወባ ትንኝ በ2012 በጅቡቲ፣ በ2016 ደግሞ በአገራችን ቀብሪ ደሃር ከተማ ተገኝታለች፤ ከተማ ውስጥ በውኃ ማጠራቀሚያ መራባቷ ወባን የቆላ ገጠር በሽታ ብቻ አድርገን እንዳንቆጥረው አስገድዶናል። በግንቦት 2024 ጅቡቲ ውስጥ ሴት ልጆቻቸው ሳያድጉ እንዲሞቱ ተደርገው የተሠሩ ወንድ ትንኞች ተለቀዋል፤ ወንዶቹ አይናከሱም። በቡርኪና ፋሶ በአንጻሩ ዘረመላቸው የተለወጠ ትንኞች በነሐሴ 2025 በተለቀቁ በቀናት ውስጥ የአገሪቱ መንግሥት ፕሮጀክቱን አግዷል። ትንኝ ድንበር እንደማታውቅ እየታወቀ፣ ፈቃድ ግን በየአገሩ ይሰጣል ወይም ይከለከላል። የጎረቤት አገር ውሳኔ የእኛም ጉዳይ መሆኑን ልብ ልንል ይገባል።

ወደ ላማችን እንመለስና፣ ሳንነግራችሁ የቆየነው አንድ ነገር አለ። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በቤንችና ሸኮ አካባቢ፣ ሸኮ የሚባሉ አጫጭር ከብቶች ገንዲ ባለበት ምድር ለብዙ ትውልድ ሲኖሩ ቆይተዋል። በሽታው ቢይዛቸውም ከሌሎች የአገራችን ከብቶች የተሻለ ይቋቋሙታል። ያለ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ያለ ኮምፒውተር፣ በዝንቧና በገበሬው ምርጫ የተሠሩ ናቸው። መቋቋማቸው በአንድ ዘረመል ሳይሆን በብዙዎች ላይ ተበትኖ ሊሆን ስለሚችል ለተሕዋሲው ማክሸፍ ይከብደዋል ብለን እንገምታለን። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመን እዚህ ላይ ሊሆን ይችል ነበር፤ የብዙ ሸኮ ላሞችን ዘረመል ከሌሎቹ ጋር አስተያይቶ የተበተነውን ፊደል ለመልቀም። ለዚህ ግን ላሞቹ ሊኖሩ ይገባል። ሸኮ ከዙሪያዋ ከሚመጡ ሌሎች ከብቶች ጋር እየተዳቀለች፣ ንጹሕ ዘሯ ከዓመት ወደ ዓመት እየመነመነ ነው።