ነፃ የኦንላይን ሥልጠና ለመምህራን፦ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ ቆሼ አካባቢ የ3ኛ ክፍል መምህርት ነኝ። ማታ ደብተር አርሜ ስጨርስ ጉልበቴ ያልቃል። በስልኬ፣ ያለ ክፍያ፣ ሙያዬን ማሻሻል እችላለሁ?

መልስ፦ ይችላሉ። ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ (ተሙማ) ከአንድ መምህር በዓመት 60 ሰዓት ይጠብቃል፤ በሳምንት ሲመነዘር ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም።

ለእርስዎ ክፍል የምመርጠው ቴሳ (TESSA) የተባለውን የመምህራን መማሪያ ነው። የብሪታንያው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ከአፍሪካ የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማት ጋር ያዘጋጀው ሲሆን የመጀመሪያ ደረጃ ንባብ፣ ሒሳብና ሳይንስ ማስተማሪያ ክፍሎች አሉት። እንግሊዝኛው ከበድ ካለዎት ከባልደረባ ጋር ያንብቡት። ዋይፋይ ባለበት አንዴ ያውርዱት፤ ከዚያ ያለ ኢንተርኔት ይነበባል። ዋናው ሥራ ግን ማንበቡ አይደለም፤ አንዷን ተግባር በማግስቱ ክፍል ውስጥ ይሞክሯት፣ ልጆቹ የት እንደተረዱና የት እንደተደናገሩ ይጻፉ። ይህን ማስታወሻ እኔ ከሰርተፍኬት አስበልጣለሁ፤ የተሙማ ፖርትፎሊዮዎ ውስጥም ያስቀምጡት።

በሐምሌ 2016 የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም ነፃ ነው፤ ሰርተፍኬትም አለው። ነገር ግን የሚያስተምረው ፕሮግራሚንግና ዳታ ስለሆነ የንባብ ክፍለ ጊዜዎን አይለውጥም፤ ለሁለተኛ ዙር ይቆይ።

ከመጀመርዎ በፊት ዕቅድዎን ለትምህርት ቤትዎ የተሙማ አስተባባሪ ያሳዩ፤ ሰዓቱ እንዲያዝልዎት።