ከዛፍ ሥር ያለው ዱመርሶ እና የስልካችን ካርታ



በዚህ እትም የትምህርት ዓምዳችን ሁላችንም ስልክ ውስጥ ስላለው፣ እንዴት እንደሚሠራ ግን ብዙም ስለማንጠይቀው የኢንተርኔት ካርታ እንማማራለን።

ዶርም ውስጥ ከኢሻ በኋላ የተለመደ ጨዋታ አለ። አንዱ ስልኩን ያወጣና "አገሬን ላሳያችሁ" ይላል። የሐረሩ ልጅ የጀጎልን ግንብ ዙሪያውን በጣቱ ይከተላል። የአዲስ አበባው መርካቶ ይገባና አንዋር መስጂድን ያሳየናል። አንዱ ጓደኛችን እንደነገረን ደግሞ ለእረፍት ቤት በሄደ ቁጥር እናቱ "እስቲ ሐረሙን ክፈትልኝ" ይሉታል፤ ሐጅ አልሄዱም፤ ከዕባን ከላይ እያዩ ዝም ብለው ይቆያሉ። ካርታ መንገድ ለመፈለግ ብቻ አይደለም የምለው ለዚህ ነው።

ተራው የዱመርሶው ልጅ ሲደርስ ግን ስልኩ ላይ የሚታየው አረንጓዴ ብቻ ነው። ከአስፋልቱ ዳር ጥቂት ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ራቅ ብሎ የቡና ማጠቢያ ማድረቂያ አልጋዎች እንደ ደብተር መስመር ተደርድረው፣ ከዚያ ውጭ ዛፍ። "ጫካ ነው እንዴ ያደግከው?" እያልን እንስቅበት ነበር።

ባለፈው ዓመት የዚህ ወንድማችን አያት ወደ አኼራ ሄዱ። ሰባት ሆነን ከዲላ ሚኒባስ ተኮናትረን ወጣን። ጀናዛው ከዙህር በኋላ ነው ተብለናል። የቤተሰቡ ስልክ አይሠራም፤ ስለዚህ አንዳችን "ዱመርሶ" ብሎ ካርታው ላይ ጻፈና ምልክቱ ወደወደቀበት ነዳን። ምልክቱ ያለበት ቦታ ማንም አልነበረም። ወርደን በእግር ስንጠይቅ፣ ስንመለስ፣ እንደገና ስንወጣ ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ሄድን። ስንደርስ አፈሩ ተመልሶ ሰዉ እጁን እየታጠበ ነበር። ሶላቱ አመለጠን።

ለተዕዚያ ተቀምጠን ሳለ ለአንድ አዛውንት ጎረቤት ስልኬን አሳየኋቸው። አቅርበው አርቀው አዩትና "ይሄማ ዛፋችን ነው። እኛስ የት አለን?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ይህ ጽሑፍ የዚያ ጥያቄ ውጤት ነው።

የጌዴኦ መሬት አሠራር ከላይ ለሚያይ ዓይን አስቸጋሪ ነው። ከላይ ዋንዛና ብርብራን የመሰሉ ትልልቅ ዛፎች፣ ከሥራቸው እንሰት፣ ከእንሰቱ ጋር ቡና፣ በመካከሉ ቤት። ዩኔስኮ የጌዴኦን መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ሪያድ ላይ በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ፣ በቅርሱ ክልል ውስጥ ብቻ ወደ 250,000 የሚጠጋ ሕዝብ እንደሚኖር አስፍሯል። ሳተላይቱ ፎቶ የሚያነሳው የዛፉን ጫፍ ነው፤ ይህን ሁሉ ሰው አያየውም። ዛሬ ኮምፒውተር ከሳተላይት ፎቶ ላይ ጣሪያ እየለየ ቤት ይቆጥራል፤ ጉግልም እ.ኤ.አ. በ2021 የአፍሪካን ሕንፃዎች በዚህ መንገድ ለቅሞ አውጥቷል። ፎቶው ላይ ያልወጣ ጣሪያ ግን አይለቀምም።

ሁለተኛው ችግር ስሙ ነው። ዱመርሶ ቁልቁለትና ዳገት ላይ የተበተነ ሰፊ መንደር ሲሆን፣ ካርታው ላይ ግን አንዲት ነጥብ ነው። ያቺን ነጥብ የሆነ ሰው ወይም የሆነ ፕሮግራም አንድ ቦታ አስቀምጧታል። እኛ ስሙን ጽፈን የሄድነው ወደ ነጥቧ እንጂ ወደ ለቅሶው ቤት አልነበረም። ስህተቱ የካርታው ብቻ አይደለም፤ የእኛም የአጠቃቀም ስህተት አለበት።

ታዲያ ምን ማድረግ ነበረብን? ከቤተሰቡ አንድ ሰው ደጁ ላይ ቆሞ ቀደም ብሎ የቦታውን ቁጥር ቢልክልን ይበቃን ነበር። ዲላ በግምት 6.41 ሰሜን፣ 38.31 ምሥራቅ ላይ ናት። አንድ ዲግሪ መሬት ላይ ወደ 111 ኪሎ ሜትር ነው። ከነጥብ በኋላ ሁለት አሃዝ ስትጽፉ ልክነቱ እስከ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አራት አሃዝ ወደ 11 ሜትር፣ አምስት አሃዝ ወደ አንድ ሜትር ያደርሳል። ስለዚህ ቁጥሩን አትቁረጡት። (ሰርቬዪንግ ለወሰዳችሁ፦ የድሮዎቹ ባለ 1:50,000 የአገራችን ካርታዎች አዲንዳን በሚባለው ዳተም የተሠሩ ናቸው። ከእነርሱ ያነበባችሁትን ቁጥር ሳትቀይሩ ስልክ ላይ ብታስገቡ ከ200 ሜትር በላይ ትስታላችሁ። ገደል ማዶ ልትገኙ ትችላላችሁ ማለት ነው።)

ብዙ ሰው ዳታ ካለቀ ቦታ ማወቅ አይቻልም ይላል። ይህ ስህተት ነው። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ወደ 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆነው ሰዓታቸውን ይናገራሉ፤ ስልካችን ይሰማል እንጂ አይመልስም። ድምፁ በብርሃን ፍጥነት ስለሚጓዝ ለመድረስ የሚፈጅበት አንድ ሰከንድ ለአሥራ አምስት ቢካፈል የሚገኘውን ያህል ነው። ስልኩ ከአራት ሳተላይቶች የሰማውን አነጻጽሮ ያለበትን ያሰላል። በሰዓቱ ላይ የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ስህተት ቢገባ 300 ሜትር ያስታል፤ ሱብሐነላህ! ሰማዩ ገላጣ ከሆነ ስልክ በ5 ሜትር ገደማ ይስታል፤ ዱመርሶ ዛፍ ሥር ግን ሰማያዊው ክብ ሲሰፋ ታዩታላችሁ። ያኔ ወደ ገላጣ ወጥቶ አንድ ደቂቃ መታገሥ ነው። ዳታ የሚበላው የካርታው ሥዕል ነው፤ እሱን ግቢ ዋይፋይ ላይ አስቀድሞ ማውረድ ይቻላል።

እነዚህ ቁጥሮች ለእኛ እንግዳ አይደሉም። አል-ቢሩኒ እ.ኤ.አ. በ1025 ጋዝና ላይ ሆኖ የከተሞችን አቀማመጥ የሚወስን መጽሐፍ ሲጽፍ ካነሳሱት ነገሮች አንዱ የጋዝናን ቂብላ ማወቅ ነበር። እኔም መካን በ21.42 ሰሜንና 39.83 ምሥራቅ ይዤ ከዲላ አሰላሁት፤ ቂብላችን ከቀጥታው ሰሜን ወደ ምሥራቅ አምስት ዲግሪ ተኩል ያህል ያዘነብላል፣ ርቀቱም ወደ 1,680 ኪሎ ሜትር ነው። ፊቅሁን ለኡስታዞቻችን ትቼዋለሁ።

ወደ ዱመርሶ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ2004 እንግሊዝ አገር ስቲቭ ኮስት የጀመረው ኦፕን ስትሪት ማፕ የሚባል ካርታ አለ። እንደ ዊኪፒዲያ ማንም ሰው ሊጨምርበትና ሊያርመው ይችላል፤ ኦርጋኒክ ማፕስና ኦስምአንድ የተባሉት መተግበሪያዎችም የሚጠቀሙት እርሱን ነው። አራት ሆነን ከወንድማችን ጋር ሦስት ቅዳሜ ወጣን። ስልኩ የተራመድንበትን እየመዘገበ የእግር መንገዱን፣ ምንጩን፣ የእንጨት ድልድዩን፣ መቃብሩን አስገባን። ስም የምንጽፈው ሁለት የተለያዩ ቤቶች ጠይቀን መልሳቸው ሲገጥም ነበር። አንዱን ወንዝ የላይኞቹ በአንድ ስም፣ የታችኞቹ በሌላ ስም ጠሩት፤ ያለ ስም ተውነው። የግለሰብ ቤት ከነባለቤቱ ስም አልመዘገብንም፤ የሰው ግቢ አማና ነው፤ አንድ እናትም "ቤቴን ለማን ልታሳዩብኝ ነው?" ብለው ቆጥተውናል፤ ልክ ነበሩ።

የወንድማችን አጎት ጂዳ ነው የሚሠራው። የሠራነውን ላክንለት። ማታ በድምፅ መልእክት መለሰልን፦ "ከድልድዩ ወዲህ ያለው ኩርባ ጋ አጉሉት፤ ከዚያ ወደ ላይ ሁለተኛው መታጠፊያ... እሱ ነው፣ እሱ ነው የእናቴ ደጅ!" ቤቱ አሁንም ከዛፍ ሥር ነው፤ አይታይም። መንገዱ ግን አለ።

ከቡና ማጠቢያው ጀርባ ሽቅብ የሚወጣው መንገድ እስካሁን አልገባም። በሚመጣው ቅዳሜ ከሱብሒ በኋላ ከዋናው በር እንነሳለን፤ ስልካችሁን ሞልታችሁ፣ የዝናብ ጫማ አድርጋችሁ ኑ። እህቶች ለብቻ ቡድን አላችሁ፤ የምታስተባብረውን እህት በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ታገኟታላችሁ።