«ክራክ»፦ ድምፅ ወይስ ስንጥቅ?

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የሳይንስ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ የሚከታተል የጭሮ (አሰበ ተፈሪ)፣ የሂርና ወይም የገለምሶ ተማሪ «ክራክ» ከሚለው ቃል ጋር በየመጻሕፍቱ ይገናኛል። በቅድሚያ የሚያውቀው ፍቺ አብዛኛውን ጊዜ «ስንጥቅ» የሚለው ነው። በዚህ ብቻ ከተመራ ግን «የነጎድጓድ ክራክ» የሚለውን ሐረግ «የነጎድጓድ ስንጥቅ» ብሎ ይተረጉምና መልእክቱ ይሰወርበታል። ስለሆነም የቃሉን ፍቺዎች ከተፈጥሯዊ ምክንያታቸው ጋር አያይዘን እንመልከት።

የቃሉ ሁለት ገጽታ

በጥንታዊው እንግሊዝኛ ቃሉ ያመለክት የነበረው ድንገተኛ፣ ደረቅና አጭር ድምፅን ነው። «መሰንጠቅ» የሚለው ፍቺ የመጣው ከጊዜ በኋላ ነው። ዝምድናቸው ግልጽ ነው፤ ደረቅ እንጨት ሲሰበር በውስጡ ታምቆ የቆየው ኃይል በቅጽበት ይለቀቅና ከፊሉ ድምፅ ይሆናል። እንግሊዝኛ ሁለቱን በአንድ ቃል ሲጠራ፣ አማርኛ ለዕቃው «ተሰነጠቀ»፣ ለድምፁ «ቋ አለ» ይላል። ድምፁ አነስ ብሎ ሲደጋገም እንግሊዝኛው «ክራክል» ይለዋል። አማርኛም «ቋ» ያለውን «ተንቋቋ»፣ «ኳ» ያለውን «ተንኳኳ» በማለት ድምፁን ደግሞ ግሥ ያደርገዋል።

ቡና ሲቆላ

የሐረርጌ ቡና በአብዛኛው ከነገለፈቱ በፀሐይ የሚደርቅ ነው። ተፈልፍሎ ሲቆላ በፍሬው ውስጥ የቀረው እርጥበት ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ ግፊቱም ይጨምራል። የፍሬው ሙቀት 200 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲደርስ ፍሬው እየተሰነጠቀ ይንጣጣል። የቡና ባለሙያዎች ይህን «የመጀመሪያው ክራክ» ይሉታል። ወደ 225 ዲግሪ ሲጠጋ ደግሞ ቀጠን ያለ «ሁለተኛ ክራክ» ይሰማል፤ ቡናውም ይጠቁራል። እዚህ ላይ ቃሉ ድምፅም ስንጥቅም ነው፤ የቆይዋ ጆሮም እንደ ሙቀት መለኪያ ያገለግላል።

ጅራፍና መብረቅ

ጅራፍ ሲጮህ ግን የሚሰነጠቅ ነገር የለም። በጅራፉ ላይ የሚሮጠው ጥምዝ ወደ ቀጭኑ ጫፍ ሲደርስ ፍጥነቱ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ከሆነው የድምፅ ፍጥነት ይበልጣል። የምንሰማው ከዚህ የሚፈጠረውን የአየር ሞገድ ነው።

መብረቅም የሚያልፍበትን አየር እስከ 30,000 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ያግላል፤ አየሩ በድንገት ሲስፋፋ ነጎድጓድ ይፈጠራል። መብረቁ ቅርብ ከሆነ ድምፁ ደረቅ «ክራክ» ነው። ሩቅ ከሆነ ግን ከረጅሙ የመብረቅ መስመር የሚነሣው ድምፅ በተለያየ ጊዜ ስለሚደርስና እንደ ጨርጨር ባሉ ተራሮች ላይ ስለሚያስተጋባ «ጉርምርምታ» ይሆናል።

በመሆኑም በፍቺው ላይ መሳሳት ሕይወትን የሚመለከት ጉዳይ ነው። ብልጭታውን ካዩ በኋላ ድምፁ እስኪሰማ ሰከንዶችን ይቁጠሩ፤ 3 ሰከንድ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቁጥሩ ከ30 ካነሰ ከዛፍ ሥር ርቀው ቤት ይግቡ፤ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም 30 ደቂቃ ይቆዩ።

መልመጃ

እንግሊዝኛ ማለዳን «የንጋት ክራክ» ይለዋል። ይህ ድምፅ ነው ወይስ ስንጥቅ? መልሱን ለማግኘት «ጎህ ቀደደ» የሚለውን የራሳችንን አነጋገር ያስታውሱ።