ቤዝን በሊድ አምፕ፣ ሊድን በቤዝ አምፕ፦ ስፒከር ሳያቃጥሉ መጫወት

ቦሌ ቡልቡላ ውስጥ ብዙ ጀማሪ ባንዶችና የቤተ ክርስቲያን የሙዚቃ ቡድኖች የሚለማመዱት ከአንዱ አባል ሳሎን ወይም ሰርቪስ ቤት ነው። ሊድ ጊታር፣ ኪቦርድና ቤዝ ይመጣሉ፤ አምፕ ግን አንድ ነው፤ እሱም ሊድ ጊታሪስቱ የገዛው ትንሽ አምፕ ይሆናል። ቤዚስቱ ጃኩን ሊሰካ ሲል ክርክር ይነሳል። አንዱ «ያቃጥለዋል» ይላል፣ ሌላው «ስንት ጊዜ ተጫውተንበታል፣ ምንም አይሆንም» ይላል። ሁለቱም ከልምዳቸው ነው የሚናገሩት፤ ልዩነቱን የሚያመጣው ግን ድምፁ እስከ ምን ድረስ እንደተከፈተና የትኛው ቁልፍ እንደተዞረ ነው።

አደጋው ያለው ስፒከሩ ላይ ነው። የአምፑ ኤሌክትሮኒክስ የቤዝን ሲግናል ተቀብሎ ለማሳደግ ብዙም አይቸገርም። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ኢ ክር ሲመታ በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ የሊድ ጊታር ወፍራሙ ኢ 82 ጊዜ። ባለ አምስት ክር ቤዝ ከሆነ እስከ 31 ድረስ ይወርዳል። ስፒከር የድምፁን ጉልበት ሳይቀንስ አንድ ኦክታቭ ዝቅ እንዲል ከተፈለገ ወረቀቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሄደው ርቀት አራት እጥፍ መሆን አለበት። የሊድ ጊታር ስፒከር ለእንዲህ ያለ ጉዞ አልተሠራም፤ ወረቀቱ ቀላል ነው፣ ዙሪያው ደረቅ ነው፣ መሐሉ ላይ ያለው የሽቦ ጥቅልልም የሚንቀሳቀስበት ቦታ አጭር ነው። አብዛኞቹ ትንንሽ የጊታር አምፖች ደግሞ ከኋላ ክፍት ስለሆኑ ወረቀቱን የሚገታ የታፈነ አየር የላቸውም። ቤዙ ሲገፋው ወረቀቱ ከልኩ ያልፋል፣ ጥቅልሉ ከማግኔቱ ጋር ይፋተጋል፣ ሲደጋገም ወረቀቱ ይቀደዳል ወይም ሽቦው ይቃጠላል።

ከመሰካት በፊት ጀርባውን አንብቡ

ከቤዝና ከሊድ ጥያቄ በፊት የሚቀድም ሌላ ጉዳይ አለ። ቡልቡላ ውስጥም ሆነ በሌላው የአዲስ አበባ ክፍል ያሉ ብዙ አምፖች ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የመጡ ናቸው። ጀርባው ላይ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ብቻ ተጽፎ ካያችሁ ግድግዳው ላይ እንዳትሰኩት። የእኛ መስመር 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። የሶኬት መለወጫዋ የእግሩን ቅርፅ እንጂ ቮልቱን አትቀይርም፤ ፊውዙ ቀድሞ ካላዳነው የአምፑ ትራንስፎርመር ይቃጠላል።

መፍትሔው ከ220 ወደ 110 የሚቀንስ ትራንስፎርመር ነው። ስትገዙ አምፑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ዋት አትከተሉ፤ እሱ የድምፁ ጉልበት ነው። ጀርባው ላይ ከኤሌክትሪክ መግቢያው አጠገብ የተጻፈውን ፍጆታ ፈልጉና የዚያን እጥፍ የሚችል ውሰዱ። ይህ ትራንስፎርመር ኸርዙን ስለማይለውጥ ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ አምፕ እዚህ ትንሽ ይበልጥ ይሞቃል፤ ልምምድ ሲያልቅ አጥፉት። አንዳንዱ አምፕ የቮልት መምረጫ አለው። መምረጫውን ወደ 220 ወይም 230 ስታዞሩ ፊውዙንም ለዚያ ቮልት በተጻፈው ቁጥር ቀይሩ፤ ለ120 የተቀመጠው ፊውዝ ለእኛ ቮልት ከልክ በላይ ወፍራም ስለሚሆን ችግር ሲመጣ በጊዜው አይቆርጥም።

ኧርዙን ደግሞ በፍጹም አትናቁት። ሦስተኛውን እግር ቆርጦ የሚሰካ ሰው አለ፤ ኧርዝ ያልተዘረጋበት ቤትም አለ። ጊታሪስቱ ክሩን ይዞ ከንፈሩ ማይክ ሲነካ የሚነዝረው በዚህ የተነሳ ነው፣ ከንዝረትም አልፎ ሕይወት ያጠፋል። መልቲሜትር ካላችሁ ኤሲ ቮልት ላይ አድርጋችሁ አንዱን ጫፍ የጊታሩ ክር ላይ፣ ሌላውን የማይኩ ወንፊት ላይ አሳርፉ። ከጥቂት ቮልት በላይ ካነበበ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሳያየው ማንም አይዝፈን። አምፑና ሚክሰሩ ኧርዝ ባለው አንድ ማከፋፈያ ላይ ቢሰኩ ጉምጉምታውም ይቀንሳል።

ቤዝን በሊድ አምፕ

አምፑ ጠፍቶ ጃኩን ሰኩ። ቮልዩሙን ዜሮ አድርጉ፣ ንጹሑን ቻናል ምረጡ፣ ጌይኑን ዝቅ አድርጉ፣ ሪቨርቡን ዝጉ። ሁለት መግቢያ ካለው ዝቅተኛውን ተጠቀሙ፤ በተለይ ቤዛችሁ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ከሆነ የሚልከው ሲግናል ጠንካራ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን። አምፑ ላይ «ቤዝ» የሚለውን ቁልፍ ያየ ቤዚስት እስከ ጥግ ያዞረዋል። ተቃራኒውን አድርጉ፤ ወደ ዜሮ አምጡትና ከዚያ ቢበዛ እስከ 2 ድረስ ብቻ ክፈቱ። ሚዱን 6 ወይም 7፣ ትሬብሉን 4 ላይ አስቀምጡ። ድምፁ መጀመሪያ ላይ ቀጭን ይመስላችኋል፤ ጆሯችሁ ግን ቶሎ ይለምደዋል። የሰው ጆሮ ዝቅተኛውን ኖታ የሚያውቀው ከላዩ ባሉት ኦክታቮችና ተከታይ ድምፆች ጭምር ነው፤ 41 ኸርዙ ራሱ ባይኖር እንኳ አእምሮ ይሞላዋል። በአይቤክስ፣ በኋላም በሮሃ ባንድ ጆቫኒ ሪኮ የመታቸውን የቤዝ መስመሮች ስንቶቻችን ነን በትንሽ ቴፕ ሰምተን በአፋችን ያዜምናቸው? ያቺ የቴፕ ስፒከር 41 ኸርዝ የማውጣት አቅም አልነበራትም፤ መስመሩ ግን አልጠፋብንም።

ቀጥሎ ወፍራሙን ኢ ክፍቱን እየመታችሁ ቮልዩሙን በቀስታ ጨምሩ። ሁለት ነገር ተከታተሉ። አንዱ በጆሮ ነው፤ ኖታው ጫፉ ላይ «ፕርርር» ማለት፣ መንተፋተፍ ወይም እንደ ወረቀት መርገፍገፍ ሲጀምር ከልኩ አልፏል፤ ወዲያው መልሱ። ሁለተኛው በዓይን ነው፤ የስልካችሁን መብራት በስፒከሩ ጨርቅ ላይ አብሩና ወረቀቱን እዩ። በጊታር ጊዜ ንቅናቄው እምብዛም አይታይም። በቤዝ ጊዜ ከሩቅ ሲመጣና ሲሄድ የሚታያችሁ ከሆነ ድምፁ ገና ንጹሕ ቢሆንም ቀንሱ። የተቃጠለ ነገር ከሸተታችሁ ወዲያው ማጥፋት ነው።

ድምፅ ሲያንሳችሁ ቮልዩሙን ከመንካታችሁ በፊት አምፑን አንሡና ወደ ክፍሉ ጥግ አስጠግታችሁ ወለሉ ላይ አስቀምጡት። ሁለት ግድግዳና ወለል የሚገናኙበት ቦታ ዝቅተኛውን ድምፅ ያጎላዋል፣ ስፒከሩ ላይ አንዳች ጫና ሳይጨምር። ይህ ዘዴ ቪላ ቤት ውስጥ ግሩም ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ግን ያው ድምፅ በሶሌታው አልፎ ታች ጎረቤት ጣሪያ ላይ ይወርዳል፤ እዚያ ወፍራም ስፖንጅ ወይም ወንበር ላይ አስቀምጡትና በዝቅተኛ ድምፅ ተለማመዱ፣ ወይም በጆሮ ማዳመጫ።

የአመታት ዘዴም ይረዳል። ወደ ብሪጁ ጠጋ ብላችሁ በጣት፣ በልኩ ምቱ፤ በአውራ ጣት ክሩን መደብደብ በአንዲት ቅጽበት የሚልከው ጉልበት ከሁሉም የከፋ ነው። ስፒከሩን የሚያጠቁትን ረጃጅም ዝቅተኛ ኖታዎች አንድ ኦክታቭ ከፍ አድርጋችሁ መጫወት ይቻላል። ኢኳላይዘር ፔዳል ያለው ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ቢቆርጥ ስፒከሩ ብዙ ሸክም ይወርድለታል።

ድራም ሲጨመር

እዚህ ላይ የማልደራደርበት ነገር አለ፤ ቤዝን በትንሽ ሊድ አምፕ ከድራም ጋር አትጫወቱ። ቤዚስቱ ራሱን ለመስማት መጨመሩ አይቀርም፣ ስፒከሩም በዚያው ያበቃል። አዳራሹ ሞንታርቦ ካለው ቤዙን በዲ አይ ቦክስ ወደ ሚክሰሩ ላኩት፤ ትንሹን አምፕ ከፈለጋችሁ እግር ሥር ለራስ መስሚያ ብቻ ተጠቀሙበት። ዲ አይ ቦክሱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ባትሪ የሌለው ቤዝ ወይም ጊታር አንድ ሜጋ ኦም ገደማ ያለው መግቢያ ይፈልጋል፣ የሚክሰር ላይን መግቢያ ግን አብዛኛውን ጊዜ 10 ኪሎ ኦም ገደማ ነው። በቀጥታ ስትሰኩት ድምፁ የሚደክመውና የሚታፈነው ለዚህ ነው። የአምፑን «ስፒከር አውት» ደግሞ ወደ ሚክሰር በፍጹም እንዳትወስዱት፤ ሚክሰሩን ያቃጥለዋል።

የኪቦርድ አምፕ ካለ ቤዚስቱ እዚያ ይሰካ። ኪቦርድ ከቤዝ ያልተናነሰ ዝቅተኛ ድምፅ ስለሚያወጣ ስፒከሩ ለዚያ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ድምፁም ንጹሕ ነው። የሳሎን ቴፕና የሆም ቲያትር ስፒከር ግን ለተቀዳ ሙዚቃ እንጂ ለክር ምት አይሆኑም፤ እነሱን ተዉአቸው።

መብራት ሲሄድ የአምፑን ማብሪያ አጥፉና ከሶኬቱ ንቀሉት። መብራቱ ሲመለስ ቮልቱ እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ።

ሊድን በቤዝ አምፕ

ይህኛው አቅጣጫ ስፒከር አይጎዳም። የቤዝ ስፒከር ሊድ ጊታር የሚልከውን ሁሉ በቀላሉ ይችላል፤ ጥያቄው የድምፅ ጣዕም ብቻ ነው። ቤዙን ወደ 3 አውርዱ፣ ሚዱንና ትሬብሉን ከፍ አድርጉ። ለንጹሕ ድምፅ፣ ለዜማ አጀብና ለጃዝ ኮርድ አንዳንዴ ከሊድ አምፕም ይበልጣል። ችግሩ ዲስቶርሽን ፔዳል ሲመጣ ነው፤ ብዙ የቤዝ አምፖች ትንሽ የቀጭን ድምፅ ስፒከር ስላላቸው ዲስቶርሽኑ እንደ ንብ ይንጫጫል። ማጥፊያ ካለው ያቺን ስፒከር ዝጉ፣ ከሌለው የፔዳሉን ቶን ዝቅ አድርጉ።

በዓለም ሙዚቃ ታሪክ ትልቁ ምሳሌ ፌንደር ባስማን ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ለቤዝ ተብሎ ወጣ፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ አራት ባለ 10 ኢንች ስፒከር የያዘውን ሞዴል ግን ሊድ ጊታሪስቶች ወሰዱት። ጂም ማርሻልና ባልደረቦቹ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለንደን ውስጥ የመጀመሪያ አምፓቸውን የሠሩት የዚያን ሰርኪዩት ተከትለው ነው። የሮክ ጊታር ድምፅ ከቤዝ አምፕ ወጣ ማለት ይቻላል።

ስለዚህ አንድ አምፕ ብቻ የሚገዛ ቡድን ቤዝ ወይም ኪቦርድ አምፕ ይግዛ። ሊድ ጊታሪስቱ ትንሽ ጣዕም ያጣል፤ ቤዚስቱ ግን ሳይሳቀቅ ይጫወታል።

ለባህል ባንዶችም ያው ሕግ ይሠራል። ባስ ክራር ቤዝ ነው፤ ሊድ አምፕ ላይ ከተሰካ ከላይ የተባለው ጥንቃቄ ሁሉ ይመለከተዋል። የኤሌክትሪክ ክራር በሊድ አምፕ ችግር የለበትም። የተለጠፈ ፒየዞ ያለው ክራር ግን ከቤዝም ከሊድም በላይ ከፍተኛ ኦም ያለው መግቢያ ስለሚፈልግ በመሐል ፕሪአምፕ አስገቡ፤ ያለዚያ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል።

ስፒከሩ ቀድሞ ተጎድቶ ከሆነ

አምፑን አጥፍታችሁ፣ ነቅላችሁ፣ አራት ጣት ወረቀቱ መሐል ዙሪያ ላይ እኩል አሳርፋችሁ በቀስታ ወደ ውስጥ ግፉት። ያለ ድምፅ ሄዶ ከተመለሰ ጥቅልሉ አይፋተግም ማለት ነው። «ክርርር» ካለ ጥቅልሉ ተጣምሟል ወይም ተቃጥሏል፤ ስፒከሩን ከመቀየር ወይም ውስጡን በባለሙያ ከማሠራት ሌላ መንገድ የለም፤ ስትቀይሩም ኦሙ ከቀድሞው ጋር አንድ ይሁን። የተቀደደው ወረቀቱ ብቻ ከሆነና ቅዳዱ ከጣት ጥፍር የማይበልጥ ከሆነ ቤት ውስጥ ይጠገናል። ከስስ ሶፍት አንድ ንጣፍ ብቻ ለዩ፣ ከቅዳዱ ትንሽ ሰፋ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ ነጭ የእንጨት ኮላ በውኃ አቅጥናችሁ ከኋላ በኩል በብሩሽ ለጥፉት። ኮላ አታብዙ፤ ሲደርቅ ወረቀቱን ያከብደዋል። ሌሊቱን አሳድራችሁ በማግስቱ በሊድ ጊታር፣ በዝቅተኛ ድምፅ ሞክሩት።