የኪቦርዱ ክራር ለምን ደረቀ?

ጥያቄ፦ ኪቦርዴ ላይ ባለው የክራር ድምፅ አንዱን ቁልፍ ደጋግሜ ስመታ ሁልጊዜ ያው ነው። እውነተኛው ክራር እንዲህ አይደለም። ለምን?

መልስ፦ ጆሮዎ አልተሳሳተም። ኪቦርድዎ የሚያሰማው አስቀድሞ የተቀዳ ድምፅ ስለሆነ በነኩት ቁጥር ያው ቅጂ ይደገማል። በእውነተኛው ክራር ግን ክሩ ካለፈው ምት ገና እየተርገበገበ ሳለ ጣት ያገኘዋል፤ ጎረቤት ክሮቹም አብረው ያስተጋባሉ።

ሌላ መንገድ አለ፤ ቅጂ ከማጫወት ይልቅ የክሩን እንቅስቃሴ ማስላት። ኬቪን ካርፕለስና አሌክስ ስትሮንግ እ.ኤ.አ. በ1983 ያሳተሙት ዘዴ ቅለቱ እስካሁን ይደንቀኛል። 100 የዘፈቀደ ቁጥሮች ይሰለፋሉ፤ የፊተኛው ይሰማል፣ ከተከታዩ ጋር ያለው አማካይ ወደ ሰልፉ መጨረሻ ይመለሳል። ይህ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ሲደገም፣ ትርጉም የለሹ ጩኸት 443 ኸርዝ ገደማ ላይ እየለዘበ የሚጠፋ የክር ድምፅ ይሆናል። ቁጥሮቹ በየምቱ ስለሚታደሱ ሁለት ምቶች አንድ አይሆኑም።

ማሲንቆ ይከብዳል፤ ደጋኑ ክሩን ያለማቋረጥ ስለሚይዝና ስለሚለቅ ፍትጊያውም መሰላት አለበት። ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣው ቪኤል1 የተባለ ኪቦርድ የትንፋሽና የደጋን መሣሪያዎችን በስሌት ያሰማ ነበር። ለክራርዎ ግን በካርፕለስና ስትሮንግ ይጀምሩ፤ በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ጥቂት መስመሮች ይበቃሉ። የድምፅ ሳጥኑን ማስተጋባት በኋላ ይጨምሩበታል።