«ሥራው ካስደሰተኝ እከፍላለሁ»፦ ማን ይፈርዳል?

አንድ የሚዛን ተፈሪ ነጋዴ ጀንፈሉን ቴፒ ላለ የቡና መቀሸሪያ ባለቤት ሰጥቶ «ሥራው ካስደሰተኝ እከፍላለሁ» የሚል ውል ፈረመ እንበል። ቡናው ተቀሽሮ ሲመጣ «አልወደድኩትም» አለ። ሠሪው ድካሙ በከንቱ ይቀራል ማለት ነው?

አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2610 ሠሪው የተወሰነ ውጤት ሊያስገኝ ግዴታ እንደሚገባ ይናገራል። ቁጥር 1732 ደግሞ ውል በቅን ልቦናና በንግድ ልማድ ይተርጎም ይላል። እንግዲህ ጥያቄው ምን ጎደለ የሚል ነው፤ ፍሬው ተሰበረ? ቅርፊት ቀረበት?

አሜሪካውያን በዚህ ነገር ብዙ ተሟግተዋል። እ.ኤ.አ. በ1983 በታየ ጉዳይ የጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ የአሉሚኒየም ግድግዳ በፀሐይ ሲታይ አንድ ወጥ አልመሰለም ተብሎ ተጣለ። ውሉ የባለቤቱ ወኪል ውሳኔ የመጨረሻ ነው ቢልም ፍርድ ቤቱ ለሠሪው ፈረደ፤ የፋብሪካ ግድግዳ የሚለካው በአገልግሎቱ ነውና። የገዛ ምስሉን ያሣለ ሰው ቢሆን ግን የራሱ ዓይን ይበቃል፤ ቅሬታው የእውነት እስከሆነ ድረስ።

ቡና ሁለቱንም ነው። እርጥበቱና የተበላሸው ፍሬ ይቆጠራል፤ ጣዕሙ ግን የቀማሽ ጉዳይ ነው። በዓለም ገበያ «ናሙናው ካልጸደቀ ሽያጭ የለም» የሚል ውል የተለመደ ነው። አቅራቢ ሆይ፣ ይህን ስትፈርም ዕጣህን ለገዢው ምላስ ሰጠህ!

በምርት ገበያው በኩል የሚያልፍ ቡና ደረጃው በመጋዘን ስለሚወሰን ክርክሩ ያጥራል። የቡና ግብይት አዋጅ ቁጥር 1051/2009 ከወጣ ወዲህ ግን አቅራቢና ላኪ በቀጥታ የሚተሳሰሩበት በር ተከፍቷል፤ ያኔ ዳኛው ውላችሁ ነው። ውሉ ዝም ካለ ሻጩ ከመካከለኛ በታች የሆነ ጥራት ማቅረብ አይችልም (ቁጥር 1747)። ገዢውም ጥራቱ በግልጽ ካልተጻፈ ወይም ለእሱ ዋነኛ ነገር ካልሆነ፣ በጥቂት ልዩነት ዕቃውን መመለስ አይችልም፤ ዋጋ ግን ይቀንሳል (ቁጥር 1748)።

ስለዚህ የእርጥበቱን መጠን፣ የቀማሹን ማንነትና ናሙናው በማን እጅ እንደሚቀመጥ ጻፉ። ገዢም ቡናውን እንዳገኘ መርምሮ ጉድለቱን ሳይዘገይ ያስታውቅ። በመጋዘን ከሌላ ቡና ጋር ከተደባለቀ በኋላ የትኛው የማን እንደነበረ ማስረዳት ይከብደዋል።