ከግሪን ካርድ እስከ ዜግነት፦ የአምስቱ ዓመት አቆጣጠር

መግቢያ

ባለፈው መንፈቀ ዓመት ስለ ዜግነት ሕግ ስንማር መምህራችን የቋሚ ነዋሪነትና የዜግነት ልዩነት ምን እንደሆነ ጠይቀውን ነበር። ብዙዎቻችን «ግሪን ካርድ ያለው ሰው አምስት ዓመት ሲሞላው ዜጋ ይሆናል» ብለን መለስን። እኔም እንደዚያ ብዬ ከተቀመጥኩ በኋላ አክስቴ ትዝ አለችኝ። እሷም እንደዚሁ አስባ ነበርና። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የአሜሪካንን ሕግ በምሳሌነት ወስዶ አምስቱ ዓመት እንዴት እንደሚቆጠር ማሳየት ነው።

ቋሚ ነዋሪ ምን ይጎድለዋል?

ግሪን ካርድ የያዘ ሰው አሜሪካ ውስጥ መኖርና መሥራት ይችላል። ካርዱ አብዛኛውን ጊዜ በየ10 ዓመቱ ይታደሳል። ሆኖም ባለካርዱ በፌዴራል ምርጫ አይመርጥም፤ አንዳንድ ወንጀሎችን ቢፈጽምም ከአገር ሊባረር ይችላል። የእኛን ቤተሰብ የነካው ግን ሌላው ልዩነት ነው። ቋሚ ነዋሪ ለትዳር ጓደኛውና ላላገቡ ልጆቹ ማመልከት ሲችል ለወላጆቹ አይችልም። ለእናትና ለአባት ማመልከት የሚችለው 21 ዓመት የሞላው ዜጋ ብቻ ነው።

አክስቴ በዲቪ ቨርጂኒያ የገባችው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2009 ነው። ሐሳቧ አምስት ዓመቷን ጨርሳ አያቴን መውሰድ ነበር።

ሁለቱ መለኪያዎች

አመልካቹ 18 ዓመት የሞላው፣ በቋሚ ነዋሪነትም አምስት ዓመት የቆየ መሆን አለበት። ከአሜሪካዊ ዜጋ ጋር በትዳር አብሮ ለሚኖር ሦስት ዓመት ይበቃል። ማመልከቻው ጊዜው ሊሞላ 90 ቀን ሲቀረው ጀምሮ ሊገባ ይችላል። በአምስቱ ዓመት ውስጥ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይቆጠራሉ።

አንደኛው በአካል መገኘት ነው። ከ60 ወራት ውስጥ ቢያንስ 30ውን እዚያው አገር ማሳለፍ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ያልተቋረጠ ነዋሪነት ነው። እዚህ ላይ የሚታየው የእያንዳንዱ ጉዞ ርዝመት ነው። ከስድስት ወር በላይ፣ ከአንድ ዓመት በታች የቀረ ሰው ነዋሪነቱን እንዳቋረጠ ይገመታል፤ ሥራውን፣ ቤቱንና ቤተሰቡን በማስረጃ አሳይቶ ግምቱን ማፍረስ ይችላል። አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ከቀረ ግን፣ ለተወሰኑ ሥራዎች አስቀድሞ ከሚሰጥ ልዩ ፈቃድ በቀር፣ ቆጠራው ይቋረጣል።

አክስቴ የተሳሳተችው የት ላይ ነው?

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2012 አያቴ በጠና ታመሙ። አክስቴ ከመምጣቷ በፊት የዳግም መግቢያ ፈቃድ አመልክታ ኋላ ተሰጣት። ወረቀት የሚሞላላት ሰው «በዚህ እስከ ሁለት ዓመት ብትቀመጪ ማንም አይነካሽም» አላት። አባባሉ ግማሹ እውነት ነው። ፈቃዱ ግሪን ካርዷን ጠበቀላት፤ ለዜግነት የሚቆጠረውን ጊዜ ግን አይጠብቅም።

14 ወር አስታማ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2013 ተመለሰች። ኤርፖርት ላይ ማንም ምንም አላላት። አምስት ዓመቷ ሊሞላ ሲል አመለከተች፤ ቃለ መጠይቁ ላይ ግን የጉዞዋ ቀን ተቆጥሮ ማመልከቻዋ ውድቅ ሆነ። በመጀመሪያው መለኪያ 46 ወር ገደማ ነበራት፣ ከበቂ በላይ ነው። የጣላት ሁለተኛው ነው። እንደገና ለማመልከት ከተመለሰችበት ቀን ጀምሮ ቢያንስ 4 ዓመት ከ1 ቀን መጠበቅ ነበረባት፤ ይኸውም እስከ ግንቦት 2017 ማለት ነው። አያቴ እ.ኤ.አ. በ2016 አረፉ።

«ባትመጪ ይሻል ነበር?» ብዬ ጠይቄያታለሁ። «እማዬን አሥራ አራት ወር በእጄ አጉርሻታለሁ፤ እሱ አይቆጨኝም» አለችኝ። «የሚቆጨኝ አጣርቼ አለመጠየቄ ነው። ስድስት ወር ሳይሞላኝ ሄጄ ብመለስስ ኖሮ?»

ቀሪዎቹ መመዘኛዎች

አመልካቹ መልካም ጠባይ ያለው መሆኑን ማሳየት፣ እንግሊዝኛ ማንበብ፣ መጻፍና መናገር፣ የአገሪቱን ታሪክና አስተዳደር ፈተናም ማለፍ አለበት። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 20 ቀን 2025 ጀምሮ ለገቡ ማመልከቻዎች ከ20 ጥያቄ 12 መመለስ ያስፈልጋል፤ ቀድሞ ከ10 ጥያቄ 6 ነበር። ዕድሜው 50 ሆኖ 20 ዓመት፣ ወይም 55 ሆኖ 15 ዓመት በቋሚ ነዋሪነት የኖረ ሰው ከእንግሊዝኛው ነፃ ነው፤ የታሪኩን ፈተና በአማርኛ በአስተርጓሚ መውሰድ ይችላል።

የእኛ ሕግስ?

በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 አንቀጽ 20 መሠረት ወዶ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊ ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን እንደተወ ይቆጠራል። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 ግን ትውልደ ኢትዮጵያውያን ያለ ቪዛ መግባትን፣ ያለ ሥራ ፈቃድ መሥራትን የመሳሰሉ መብቶች ተሰጥቷቸዋል። መምረጥና መመረጥ ግን አልተጨመረም።

ማጠቃለያ

ከዚህ የምንረዳው ካርዱን መጠበቅና ለዜግነት መብቃት በተለያየ መለኪያ እንደሚታዩ ነው። እዚያ ዘመድ ያላችሁ ጓደኞቼ፣ ለረጅም ጊዜ ልምጣ ሲሉ ሦስት ነገር አስጠይቋቸው፦ ስንት ወር ትቆያለህ? ባለፉት አምስት ዓመታት በጠቅላላ ስንት ቀን ውጭ ነበርክ? የያዝከው ፈቃድስ የሚጠብቀው ካርዱን ነው ወይስ ቆጠራውን? ትኬት ከመቁረጥ በፊት የሕግ ባለሙያ መጠየቁም አይከፋም። አክስቴ እ.ኤ.አ. በ2018 ቃለ መሐላ ፈጽማ ዜጋ ሆናለች፤ ማመልከቻ የምትሞላላት እናት ግን አልነበረቻትም።